ለኮምፒውተራችን የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል?

የመመረቂያ ጽሑፋችንን በፍላሽ ይዘን ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሰን ስንመለስ፣ ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያገኘን ብዙ ነን። ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም፤ ስለዚህ ፎርማት ለማድረግ አንቸኩል፤ መጀመሪያ ስካን እናድርግ።

በምን? ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደር የሚባል ነጻ አንቲቫይረስ አብሯቸው ይመጣል። አፕዴት ከተደረገ ለአብዛኞቻችን ይበቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት አፕዴት ግን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላበቃ፣ ኮምፒውተሩ ከቻለ ወደ 11 ማሳደግ ይሻላል።

ሌላ መጫን ከፈለግን፦

1. ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ እናውርድ። ክራክ የተደረገውን ለመጫን ብዙ ጊዜ "መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ" እንባላለን፤ ይህ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን መክፈት ነው።
2. አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ከሆኑ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ኮምፒውተሩንም ያንቀራፍፉታል።
3. የኮምፒውተራችንን ራም የማይጨርስ ይሁን።

የትኛውም አንቲቫይረስ ግን የጠፋ ጽሑፍ አይመልስም፤ ኮፒውን ሌላ ቦታ እናስቀምጥ። ስካን ያልተደረገ ፍላሽም ጓደኛችን ላፕቶፕ ላይ አንሰካ፤ የእርሱም ጽሑፍ አማና ነው።