ለሊኑክስ የተሠራ የንግድ መዝገብ በዊንዶስ ኮምፒዩተር ላይ ስለሚሠራበት መንገድ

በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በዊንዶስ የሚሠራ ኮምፒዩተር የሌለው ነጋዴ ዛሬ ጥቂት ነው። ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ መዝገብ በአገራችን በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተለመደ ሲሆን፣ እርሱም የሚሠራው በዊንዶስ ላይ ስለ ሆነ፣ ዊንዶስን አስወጥቶ ሌላ ማስገባት ለብዙዎቻችን የሚታሰብ አይደለም። ይሁን እንጂ የመጋዘን ዕቃን፣ ግዥን፣ ሽያጭንና ሂሳብን በአንድነት የሚይዙ፣ የፈቃድ ክፍያም የማይጠየቅባቸው መዝገቦች አሉ። ከእነዚህም አንዱ በህንድ አገር ፍራፔ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኢአርፒኔክስት ነው። ነገር ግን ይህ መዝገብ የተሠራው ለሊኑክስ ነውና፣ ዊንዶስ ብቻ ያለው ነጋዴ እንዴት አድርጎ ሊጠቀምበት እንደሚችል ቀጥሎ እናስረዳለን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከመነሻው ነው። መዝገቡ እንደ ክሮም ባለ ብራውዘር ስለሚከፈት በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ይመስለዋል። እንዲህ ያለው መዝገብ ግን እንደ ሱቅ ሁለት ክፍል አለው፤ ደንበኛ የሚስተናገድበት ባንኮኒና ዕቃው የሚቀመጥበት ጓዳ። ብራውዘሩ ባንኮኒው ነው፤ በዊንዶስም፣ በእጅ ስልክም ይከፈታል። ጓዳው፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ሊኑክስን ይፈልጋል። ከምክንያቶቹም አንዱ ሬዲስ የተባለው የውስጥ ረዳቱ በይፋ ለዊንዶስ የማይዘጋጅ መሆኑ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ዊንዶስን ሳይነኩ በውስጡ ለሊኑክስ አንድ ክፍል መስጠት ነው።

ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ደብሊው ኤስ ኤል የተባለውን መንገድ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ዓይነት እውነተኛውን የሊኑክስ ሞተር በዊንዶስ ውስጥ ያሠራል። አተካከሉ ቀላል ነው። ፓወርሼል የተባለውን የትእዛዝ መስኮት በአስተዳዳሪ ሥልጣን ከፍቶ «ደብሊው ኤስ ኤል» ብሎ፣ ባዶ ቦታ ትቶ፣ ሁለት ሰረዝ አስከትሎ «ኢንስቶል» የሚለውን በላቲን ፊደል መጻፍና ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራት ነው። ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። እምቢ ያለ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በኮምፒዩተሩ ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን የተባለው ተዘግቶ መገኘቱ ነው። መዝገቡን በኡቡንቱ ውስጥ መትከሉ ግን ብዙ ደረጃ ያለው ሥራ ስለ ሆነ፣ ለሚያውቅ ሰው መስጠቱን እንመርጣለን፤ ጊዜን ከማባከን ዋጋ መክፈል ይሻላልና።

ዶከር የተባለ ሌላ መንገድም አለ፤ በእርሱ ደግሞ መዝገቡ ከነረዳቶቹ ታሽጎ ይመጣል። ዶከር ዴስክቶፕ ከ250 ያነሱ ሠራተኞችና ከ10 ሚሊዮን ዶላር ያነሰ ዓመታዊ ገቢ ላለው ድርጅት ያለ ክፍያ ይፈቀዳል።

ባለ አንድ ኮምፒዩተር ነጋዴ በዚህ ሊረካ ይችላል። የሽያጭ ሠራተኛውም፣ የመጋዘን ኃላፊውም ከየጠረጴዛቸው መዝገቡን ይክፈቱ ከተባለ ግን ደብሊው ኤስ ኤል እንደ ልማዱ ከውጭ የሚመጣውን አያስገባም፤ ለዚህ ተጨማሪ ማስተካከያ ያስፈልጋል። በእኛ አስተያየት ለእንዲህ ያለው ቤት የሚሻለው ቨርቹዋልቦክስ ነው፤ ይህም በኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር የሚፈጥር ፕሮግራም ነው። የመረብ ግንኙነቱን «ብሪጅድ» በተባለው ስልት ቢያደርጉት ሊኑክሱ የራሱን አድራሻ ከራውተሩ ይቀበላል፤ ሌሎቹም ኮምፒዩተሮች ያንን አድራሻ በብራውዘራቸው ጽፈው ይገባሉ። አድራሻው እንዳይለዋወጥ በራውተሩ ላይ ማስያዝ ይገባል፤ አለዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሁሉም «መዝገቡ ጠፋ» ማለታቸው አይቀርም።

እስካሁን የተናገርነው የአተካከል ነገር ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን የሂሳቡ መዝገብ በእርግጥ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ነው። በደብሊው ኤስ ኤል የተተከለው ሊኑክስ ከነሂሳቡ በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ይኖራል፤ ያም ፋይል የሚገኘው ዊንዶስ ከዓይን በሰወረው ፎልደር ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲዘገይ ወይም ቫይረስ ሲገባው ወደ ጠጋኝ ተወስዶ «ፎርማት» መደረጉ የተለመደ ነው። ጠጋኙ ከዴስክቶፕና ከዶኩመንትስ ያለውን ገልብጦ ቀሪውን ይደመስሳል፤ የዓመቱ ዱቤ፣ የዕቃው ቆጠራ፣ የደንበኛው ዕዳ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ጠጋኙን መውቀስ አይቻልም፤ ማንም አልነገረውምና። «አንሬጂስተር» የሚለው የደብሊው ኤስ ኤል ትእዛዝም ሊኑክሱን ከነመዝገቡ ፈጽሞ ስለሚሰርዝ፣ የማያውቅ ሰው እንዳይነካው መጠንቀቅ ነው።

ስለዚህ መዝገቡ በየማታው የራሱን መጠባበቂያ ቅጂ እንዲያወጣ አዝዞ ቅጂውን ከኮምፒዩተሩ ውጭ ወዳለ ዲስክ ማሳለፍ ግዴታ ነው። ኢአርፒኔክስትም ቅጂ ሲያወጣ ካልታዘዘ በቀር የቁጥሩን መዝገብ ብቻ እንጂ የተያያዙትን ሰነዶች አይጨምርም። ዲክላራሲዮንና የባንክ ፈቃድ ስካን አድርጎ ከየግዥው ጋር የሚያያይዝ አስመጪ ፋይሎቹም እንዲጨመሩ ማዘዝ አለበት። ቅጂውም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ተከፍቶ ካልታየ ቅጂ ነው ለማለት አያስደፍርም።

ስለ ኮምፒዩተሩ አቅም ጥቂት እንጨምር። ደብሊው ኤስ ኤል እንደ ልማዱ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ራም ሊወስድ ስለሚችል፣ 8 ጊጋባይት ያለው ኮምፒዩተር ለሙከራ ይበቃል፤ ለዘወትር ሥራ 16 ጊጋባይት ይመረጣል። የዊንዶስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ አዲስ ተከላ በዊንዶስ 11 ላይ ቢሆን መልካም ነው። ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዳይተኛ ማድረግም ያስፈልጋል፤ እርሱ ሲተኛ በየጠረጴዛው ያለው ሥራ ሁሉ ይቆማል። መብራት ሲጠፋም በጽሑፍ ላይ ያለ መዝገብ እንዳይበላሽ በዩ.ፒ.ኤስ. ላይ ይሰካ። ሥራው በርትቶ የሚያስገቡት ሰዎች ሲበዙ ሊኑክስን ከዊንዶስ ጋር ማዳበሉን ትቶ፣ ለእርሱ ብቻ የተለየ ኮምፒዩተር መመደብ ይገባል፤ ያን ጊዜም በየማታው ሲወጣ የቆየው ቅጂ መዝገቡን ወደ አዲሱ ቤት ያሸጋግረዋል።