የቆየ አርፒጂ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ክሮኖ ትሪገር እንደ ማሳያ

ሮል ፕሌይንግ ጌም፣ በአጭሩ አርፒጂ የሚባለው፣ እንደ ፊፋ አንድ ጨዋታ ተጫውተው ለባለተራ የሚለቁት ዓይነት ጌም አይደለም። ረጅም ታሪክ አለው፤ ገፀ ባህርያቱ በተዋጉ ቁጥር ይጠነክራሉ፤ ተጫዋቹም የደረሰበትን ሴቭ እያደረገ በሌላ ቀን ይቀጥላል። የቆየ አርፒጂ ስንገዛ ከገንዘባችን በላይ የምናወጣው ሰዓታችንን ነው። ስለዚህ ግራፊክሱ አርጅቷል አላረጀም እያሉ መከራከር ብዙም አይጠቅምም። ሁለት ነገር ማጣራት ይበቃል፤ ጌሙ ሰዓታችንን ምን ያደርግበታል? የምንገዛውስ የትኛውን እትም ነው? ለማሳያ የመረጥሁት ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1995 ለሱፐር ኔንቲዶ ያወጣውን ክሮኖ ትሪገርን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እነማን ሠሩት?

የፋይናል ፋንታሲው ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ የድራጎን ክዌስቱ ዩጂ ሆሪ እና የድራጎን ቦሉ ሠዓሊ አኪራ ቶሪያማ ናቸው። በጊዜው ፋይናል ፋንታሲና ድራጎን ክዌስት የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ምርቶች ነበሩ፤ ስኩዌርና ኢኒክስ የተዋሃዱት በ2003 ነው። አብዛኛውን ሙዚቃ የደረሰው ወጣቱ ያሱኖሪ ሚትሱዳ ሲሆን፣ በሥራው መሀል ሲታመም የቀረውን ኖቡዎ ኡዬማትሱ አሟልቶለታል። ይሁን እንጂ የሠሪዎቹ ዝና ብቻውን ጌም አያስገዛም።

ሰዓታችሁን ምን ያደርግበታል?

ዋናውን ታሪክ ለመጨረስ ከ20 እስከ 25 ሰዓት ገደማ ይበቃል። ለአርፒጂ ይህ አጭር ነው። በ2000 የወጣው ድራጎን ክዌስት 7 ወደ 100 ሰዓት ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ውጊያ እስኪመጣ እንኳ ሰዓታት ይሄዳሉ። ሥራና ትምህርት ላለበት ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከርዝመቱ የበለጠ ግን አካሄዱን ተመልከቱ። በዚያ ዘመን በነበሩት አብዛኞቹ አርፒጂዎች፣ ገፀ ባህርይው እየተራመደ ሳለ የማይታይ ጠላት በየጥቂት እርምጃው ያስቆመዋል፤ ስክሪኑም ተቀይሮ ወደ ሌላ የውጊያ ሜዳ ይገባል። በ1997 የወጣው ዝነኛው ፋይናል ፋንታሲ 7 ራሱ እንዲሁ ነው። በክሮኖ ትሪገር ግን አብዛኞቹ ጠላቶች ቆመው ይታያሉ፤ ውጊያውም እዚያው በቆሙበት ቦታ ይካሄዳል። አንዳንዶቹን ዞሮ ማለፍ ይቻላል። ሌቭል ለመጨመር ብቻ አንድ ቦታ እየተመላለሱ መዋጋትም እምብዛም አያስፈልግም። ዛሬ ለሚጀምረው ሰው ጌሙን ቀላል የሚያደርግለት ይህ ነው።

ሌላው የተጫዋቹን ድርጊት ማስታወሱ ነው። ገና በመግቢያው ዋናው ገፀ ባህርይ ክሮኖ የመንግሥቱ 1000ኛ ዓመት በሚከበርበት ባዛር ውስጥ ይዘዋወራል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሰው ምሳ ሊበላ ይችላል፤ ድመቷ የጠፋባትን ሕፃን ሊረዳ ይችላል፤ ተጋጭታው የወደቀችውን ልጅ ትቶ መጀመሪያ የአንገት ጌጧን ሊያነሳ ይችላል። ጌሙ በዚያ ሰዓት አንዳች አይናገርም። በኋላ ክሮኖ ፍርድ ቤት ሲቆም ያ ሁሉ ምስክር ሆኖ ይቀርብለታል፣ ወይም ይቀርብበታል። ይህን ለማድረግ የዛሬ ግራፊክስ አላስፈለገም። ታሪኩ በዘመናት መካከል የሚመላለስ ስለሆነ በአንዱ ዘመን የተደረገ ነገር በሌላው ዘመን ለውጥ ሲያመጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ጨርሰው እንደገና ሲጀምሩም ያጠነከሯቸውን ገፀ ባህርያት ይዘው መነሣት ይቻላል፤ ከዐሥር የሚበልጡ የተለያዩ መጨረሻዎች ያሉት ለዚህ ነው።

ያረጀበት ቦታ

የቀረውን ሥራ የሚዘረዝር ዝርዝር የለውም። ወር ያህል ትታችሁት ብትመለሱ የት እንደነበራችሁ ይጠፋችኋል፤ ደብተር ይዛችሁ ተጫወቱ። አርፒጂ ለለመደ ሰው ውጊያው ይቀልለዋል፤ ፈተና ብቻ የሚፈልግ ተጫዋች ቅር ሊለው ይችላል። ለጀማሪ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለ፤ ምን ላድርግ እያለ ሲያመነታ ጠላት ይመታዋል። ይህኛው መፍትሔ አለው። በሴቲንጉ ውስጥ የውጊያውን ዓይነት ዌይት (Wait) ወደሚለው ቀይሩት፤ ልዩ የውጊያ ችሎታ ወይም ዕቃ ስትመርጡ ሰዓቱ ይቆምላችኋል።

የትኛው እትም?

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ጌሙ አንድ ቢሆንም እትሞቹ እኩል አይደሉም።

የ1995ቱ የሱፐር ኔንቲዶ ካርትሪጅ ዛሬ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆኖ ተወድዷል። በውስጡ ሴቭ የተደረገውን የምትጠብቅ ትንሽ ክብ ባትሪ አለች፤ እሷ ስታልቅ የደከማችሁበት ሁሉ ይጠፋል። የምትቀየረውም በብየዳ ነው። ዋጋው ስለተወደደ ተመሳስሎ የተሠራው በገበያው ሞልቷል፤ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ከፍቶ የውስጡን ቦርድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። የአሜሪካው ካርትሪጅ በአውሮፓው ሱፐር ኔንቲዶ ላይ እንዲሁ እንደማይሠራም አስታውሱ፤ ዘመድ ከአሜሪካ ሊልክላችሁ ካሰበ ኮንሶሉ ከየት እንደመጣ አስቀድማችሁ አጣሩ።

በ2001 አሜሪካ ውስጥ ከፋይናል ፋንታሲ 4 ጋር ተጣምሮ የወጣውን የፕሌይስቴሽን እትም አልመክርም። የካርቱን ፊልሞች ተጨምረውለታል፤ ነገር ግን ሜኑ ሲከፈትና ውጊያ ሲጀመር ሁሉ ዲስኩ እስኪያነብ መጠበቅ አለ። ከላይ ያመሰገንሁትን ቅልጥፍና የሚገድለውም ይኸው መጠበቅ ነው።

በ2008 የወጣው የኔንቲዶ ዲኤስ እትም ግሩም ነው፤ ሜኑው ወደ ታችኛው ስክሪን ወርዶ ላይኛው ለጨዋታው ነጻ ሆኗል። አውሮፓም ጌሙን በይፋ ያገኘችው መጀመሪያ በዚሁ እትም ነው። የትኛውም አገር ቢገዛ በዲኤስም በ3ዲኤስም ይሠራል።

በ2018 ስቲም በተባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ለኮምፒውተር ሲወጣ ብዙ ተወቅሶ ነበር፤ ሜኑው ለስልክ ጣት የተሠራ፣ ሥዕሉም ያለልክ የለሰለሰ ነበርና። በዚያው ዓመት በተከታታይ ማሻሻያዎች ቀድሞ የነበረው የሥዕሉ መልክ መመለስ የሚችልበት ምርጫ ተሰጠው፤ ሜኑውም ተስተካከለ። በይነመረብ ላይ የምታገኙት ክፉ አስተያየት ከማሻሻያው በፊት የተጻፈ እንዳይሆን ቀኑን ተመልከቱ። የስቲሙ መደበኛ ዋጋ 15 ዶላር፣ የአንድሮይድና የአይፎኑ 10 ዶላር አካባቢ ነው፤ በቅናሽ ጊዜ ከዚህም ይወርዳል።

እንግሊዝኛውስ?

ንግግሩ ሁሉ በጽሑፍ ነው፤ ቁልፍ እስክትጫኑ ድረስም ባለበት ይጠብቃል። እንግሊዝኛውን ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በ1995ቱ ትርጉም ፍሮግ የሚባለው ባላባት እንቁራሪት በጥንታዊ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ከዲኤስ ጀምሮ ያለው ትርጉም ግን የእሱን ንግግር ቀለል አድርጎታል።

ታዲያ ይገዛ?

አዎ፣ ይገዛ። ኮምፒውተር ያላችሁ የስቲሙን፣ ዲኤስ ወይም 3ዲኤስ ያላችሁ የዲኤሱን ግዙ። ሌላ መሣሪያ የሌላችሁ በስልካችሁ ተጫወቱት፤ ጣት በስክሪን ላይ መግፋቱ ባይመችም ጌሙ ሙሉ ነው። ፕሌይስቴሽኑን እለፉት፤ ካርትሪጁንም ለሰብሳቢዎች ተዉት። የፍርድ ቤቱን ትዕይንት አይታችሁም ካልሳባችሁ ግን፣ ያኔ ገና ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የተጫወታችሁት፤ ዝናውን ፈርታችሁ አትቀጥሉ፣ አቁሙት።