እሳቱ ከመለኮሱ በፊት፦ በብሪታኒያ የእንፋሎት ሞዴል ለምትገዙ

በብሪታኒያ ከተሞች በበጋ እሑድ ልጆቻችሁን ወደ መናፈሻ ከወሰዳችሁ፣ ሰው አሳፍራ የምትዞር ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ልታጋጥማችሁ ትችላለች። ልጁ አንዴ ከዞረባት «እኛም እንግዛ» ማለቱ አይቀርም። ያገለገለ ሞዴል ደግሞ ገበያ ላይ አይጠፋም። ግዙ፤ ግን የቀለሙ ውበት ሳያታልላችሁ የቦይለሩን፣ ማለትም ውሃው የሚፈላበትን ጋን፣ የፍተሻ ሰርተፍኬት ጠይቁ።

ለምን ቢባል፣ ሥጋ የምንቀቅልባት ፕሬሸር ኩከር አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ግፊት አታልፍም፤ ብዙ ሞዴል ባቡሮች ግን በ80 ገደማ ይሠራሉ። በዚያ ግፊት ውስጡ ያለው ውሃ ከ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ቦይለሩ ቢቀደድ ከውሃው የተወሰነው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል።

የአገሪቱ የሞዴል ክለቦች የሚመሩበት የጋራ የፍተሻ ደንብ አለ። ዋናው የውሃ ግፊት ፍተሻ ነው። ቦይለሩ አየር እንዳይቀርበት ተደርጎ በቀዝቃዛ ውሃ ጢም ብሎ ይሞላና በእጅ ፓምፕ ይገፋል። አዲስ ከሆነ የሥራ ግፊቱን እጥፍ መቻል አለበት፤ በ80 የሚሠራው በ160 ይፈተናል ማለት ነው። በኋላ የሚደገመው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 120 ነው፤ የመዳብ ቦይለር በየ4 ዓመቱ፣ የብረት በየ2 ዓመቱ። ውሃ የተመረጠው እምብዛም ስለማይታመቅ ነው፤ ስንጥቅ ቢኖር ያንጠባጥባል እንጂ አይፈነዳም። የታመቀ አየር ግን እንደ ተሳበ ቀስት ነው። «በጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ልሞክርላችሁ» የሚል ወዳጅ ካላችሁ፣ እባካችሁ እጁን ያዙት።

ቀጥሎ በየዓመቱ እሳት ተለኩሶ የሚደረግ የእንፋሎት ፍተሻ አለ። እሳቱ እየነደደ ሴፍቲ ቫልቩ ግፊቱን ከሥራው ልክ ከ10 በመቶ በላይ እንዳያልፍ መያዝ አለበት፤ 80 ቢሆን እስከ 88 ብቻ። የግፊት ጌጁ፣ የውሃ ማሳያ መስታወቱና ውሃ መመገቢያው አብረው ይታያሉ።

ስትገዙ ቦይለሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሰርተፍኬቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን እዩ። ከውሃ ጋር የሚነካካ የነሐስ ቁራጭ ካለበት ስለ ቅይጡ ጠይቁ፤ ዚንክ የበዛበት ቅይጥ ዚንኩ በጊዜ ብዛት እየታጠበ ይቦረቦራል፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል።

ፈታሾቹ ከክለቡ አባላት መካከል የተሾሙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚፈትሹት የአባላቱን ቦይለር ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፦ መጀመሪያ አባል ሁኑ፣ ከዚያ ልምድ ያለው ሰው ይዛችሁ ግዙ። ለአዲስ ነዋሪ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ዕድሜያቸውን በብረት ሥራ ያሳለፉ ጡረተኞች የቶርኖ ቢላዋ ከመሳል ጀምሮ ያስተምሯችኋል። ወሬ ካጠራችሁ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ስለገባው፣ «የሰርኪስ ባቡር» ስለተባለው የእንፋሎት መኪና ንገሯቸው፤ የእንፋሎት ወዳጅ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሰማ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።