በሕፃናት ማሳደጊያ የሚሰጥ የበጎ ፈቃድ አገልግሎትና የእንክብካቤ ቀጣይነት፦ ከሩዋንዳ ተሞክሮ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ የሚገኙ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ከአውሮፓ፣ ከሰሜን አሜሪካና ከአውስትራሊያ የሚመጡ ወጣቶች ለጥቂት ሳምንታት በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉባቸው ስፍራዎች ከሆኑ ዓመታት ተቆጥረዋል። በአገራችንም ልደትን ወይም ዓመት በዓልን ከማሳደጊያ ልጆች ጋር ማሳለፍ እየተለመደ መጥቷል፤ የሶሻል ወርክና የሥነ ልቦና ተማሪዎችም ለመስክ ልምምድ ወደነዚሁ ተቋማት ይሄዳሉ። የአገልጋዮቹ ቅንነት የሚያከራክር አይደለም። የሚያከራክረው አገልግሎቱ ለሕፃኑ የሚያስገኘው ጥቅም ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሊመዘን የሚገባው ለሕፃኑ እንክብካቤ ቀጣይነት በሚያበረክተው ድርሻ ነው ሲል ይሞግታል፤ ለዚህም በመስኩ የተካሄዱ ጥናቶችንና የሩዋንዳን ተሞክሮ ይመረምራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስሜት ቁርኝትና የተንከባካቢ መፈራረቅ

ጆን ቦውልቢ በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጥናት፣ ሕፃን ከእናቱ ወይም በእናቱ ቦታ ከተተካ ቋሚ ሰው ጋር የጠበቀና የማይቋረጥ ግንኙነት ካላገኘ የአእምሮ ጤንነቱ ለጉዳት እንደሚጋለጥ አስገንዝቦ ነበር። ይህ አስተሳሰብ ለምዕራባውያን ቤተሰብ የተሰፋ ነው፣ ልጅ በብዙ ዘመድ እጅ በሚያድግባት አፍሪካ አይሠራም የሚል ተቃውሞ አልፎ አልፎ ይሰማል። ይሁን እንጂ ሜሪ ኤንስወርዝ ስለ ቁርኝት ያደረገችውን የመጀመሪያ የመስክ ምልከታ ያካሄደችው በኡጋንዳ፣ በካምፓላ አቅራቢያ በሚገኙ መንደሮች በ1954 እና በ1955 ነው፤ ውጤቱንም በ1967 በመጽሐፍ አሳትማለች። በዚያ የታዩት ሕፃናት እናታቸውን መነሻና መመለሻ አድርገው አካባቢያቸውን ይቃኙ ነበር፤ ከእናት ሌላ ከአባት፣ ከአያት ወይም ከታላቅ እኅት ጋር የተቆራኙም ነበሩ። እነዚህ ዘመዶች ቁጥራቸው ቢበዛም ሕፃኑ ነገ ተመልሶ የሚያገኛቸው ናቸው። ስለዚህ የአሳዳጊዎች መብዛትና የአሳዳጊዎች መፈራረቅ ተለይተው ሊታዩ ይገባል።

የመፈራረቅን ዋጋ በተመለከተ በስፋት የሚጠቀሰው በሩማንያ፣ ቡካሬስት የተካሄደው ጥናት ነው። በጥናቱ በመንግሥት ማሳደጊያዎች ይኖሩ የነበሩ 136 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ወደ አደራ ቤተሰብ እንዲሄዱ፣ ግማሾቹ በተለመደው የተቋም እንክብካቤ እንዲቀጥሉ ተደረገ። በ2007 የታተመው ውጤት ወደ ቤተሰብ የገቡት በአእምሮ ዕድገት እንደተሻሉ፣ በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት የበለጠ እንደተጠቀሙ አሳይቷል።

ይህን ውጤት በቀጥታ ወደ አፍሪካ ማዛወር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በካምቦዲያ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኢትዮጵያ ተካሂዶ በ2009 የታተመ ጥናት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ወላጅ ያጡ ወይም የተተዉ ልጆች አነጻጽሯል። በጤና፣ በስሜትና በአእምሮ ችሎታ ረገድ በማሳደጊያ የሚኖሩት በማኅበረሰብ ውስጥ ከሚኖሩት የባሱ ሆነው አልተገኙም። ሁለቱ ጥናቶች የሚጋጩ ቢመስሉም የመረመሩት ዕድሜ የተለያየ ነው፤ ማሳደጊያ የሚለው ስምም በጣም የተለያዩ ቤቶችን አቅፎ ይይዛል። ከሁለቱ ተደምሮ የሚገኘው ፍንጭ፣ በሕንፃው ዓይነት ላይ ብቻ ከማተኮር ይልቅ በውስጡ ያለው እንክብካቤ ምን ያህል የጸና እንደሆነ መመርመር እንደሚገባ ነው።

የአጭር ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሊንዳ ሪክተርና ኤሚ ኖርማን በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በደቡባዊ አፍሪካ ጎብኚዎች ከትንንሽ ሕፃናት ጋር ፈጥነው የሚመሠርቱት ቅርበት በመለያየት ሲቋጭ፣ አስቀድሞ ቤተሰብ ያጣውን ልጅ ለተደጋጋሚ መተው እንደሚዳርገው አስጠንቅቀዋል። ጎብኚ ገና ከበር ሲገባ ሮጦ የሚያቅፈው ሕፃን ፍቅር የጠገበ ይመስላል። በማሳደጊያ ሕፃናት ላይ የተሠሩ ጥናቶች ግን እንግዳን ከቤተኛ ሳይለዩ ለማንም እንዲህ መቅረብ የቁርኝት መጓደል ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያመለክታሉ። አገልጋዩ የመልካም ሥራው ማረጋገጫ አድርጎ የሚወስደው እቅፍ፣ አንዳንዴ የችግሩ መገለጫ ነው።

ገንዘብ የሚከተለው መንገድ

ሌላው ጉዳት ከማሳደጊያው ቅጥር ውጭ የሚፈጠር ነው። ዩኒሴፍ ወላጅ ያጣ የሚለው ከሁለቱ ወላጆቹ አንዱን ብቻ ያጣውንም ልጅ ነው፤ ስለሆነም በዚህ ስም ከሚጠሩት ልጆች ብዙዎቹ በሕይወት ያለ እናት ወይም አባት አላቸው። ወደ ማሳደጊያ የሚያስገባቸው በአብዛኛው ድህነት፣ የትምህርት ቤት ወጪ ወይም ሕመም ነው። የጎብኚ ክፍያና ልገሳ ልጆች በብዛት ወደሚታዩበት ቤት በሚፈስበት ጊዜ፣ ለቤቱ ባለቤት ልጆችን ማቆየት፣ ሲከፋም ከቤተሰብ አግባብቶ ማምጣት ትርፍ ያለው ሥራ ይሆናል። የአውስትራሊያ ፓርላማ በ2017 ያጠናቀቀው የዘመናዊ ባርነት ምርመራ ይህንን ድርጊት ከሕፃናት ዝውውር ጋር አያይዞ መርምሮታል። ኬንያ በዚያው ዓመት አዳዲስ ማሳደጊያዎችን መመዝገብ አቆመች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2019 ባሳለፈው የሕፃናት መብት ውሳኔ፣ ከማሳደጊያ በጎ ፈቃድ አገልግሎት ጋር የተያያዙ ጉዳቶች እንዲከላከሉ መንግሥታትን አሳስቧል።

ሩዋንዳ፦ አገልግሎትን ወደ ቤተሰብ ማዞር

ከ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ እጅግ ብዙ ልጆች ያለ አሳዳጊ የቀሩባት ሩዋንዳ፣ በ2012 የሕፃናት እንክብካቤን የሚያሻሽል ብሔራዊ ስልት አጸደቀች። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው ቆጠራ በ33 ማሳደጊያዎች 3,323 ልጆችና ወጣቶች እንደሚኖሩ አመለከተ። ቀጥሎም በኪንያሩዋንዳ «ቱባሬሬሬ ሙ ሙርያንጎ»፣ ማለትም «ልጆችን በቤተሰብ ውስጥ እናሳድግ» የተሰኘው መርሐ ግብር ልጆችን ወደ ወላጆቻቸው፣ ወደ ዘመዶቻቸው ወይም ወደ አደራ ቤተሰቦች መመለስ ጀመረ።

ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አብነት የሚሆነው መርሐ ግብሩ በጎ ፈቃደኞችን ያሰማራበት መንገድ ነው። በየመንደሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት «የቤተሰብ ወዳጆች» ተብለው ይመረጣሉ፤ በመላ አገሪቱ ቁጥራቸው ወደ 30,000 ይጠጋል። ተግባራቸው ለመለያየት የተቃረበን ቤተሰብ ቀድሞ መለየት፣ የተመለሰን ልጅ መጎብኘትና ችግር ሲታይ ለባለሙያ ማሳወቅ ነው። እነዚህ ሰዎች የመንደሩ ነዋሪዎች ናቸው፤ ልጁ ሲያድግ አብረውት ይቆያሉ። በጎ ፈቃዱ ከሕፃኑ አልጋ ራስጌ ተነሥቶ ሕፃኑን ወደያዘችው እናት ወይም አያት ዞሯል ማለት ይቻላል።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ

አንዲት ሞግዚት ብዙ ሕፃናት በምትይዝበት ቤት በጎ ፈቃደኛው ቢቀር ሕፃኑን ማን ያጥባል፣ ማንስ ያበላል? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በተለይ አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች የሚቀበል ቤተሰብ ማግኘት አስቸጋሪ በሆነበት ሁኔታ ማሳደጊያው በአንድ ጀምበር ሊዘጋ አይችልም። ሆኖም የሞግዚት እጥረት የሚፈታው ሞግዚት በመቅጠርና በሥራዋ በማቆየት ነው። ለአንድ በጎ ፈቃደኛ ጉዞ የሚወጣው ገንዘብ ለአንዲት ሞግዚት የብዙ ወራት ደመወዝ ሊሆን ይችላል። ሙያ ያለው አገልጋይ ደግሞ ሞግዚቶችን ቢያሠለጥን፣ መዝገብ ቢያደራጅ ወይም ቤተሰብ በማፈላለግ ሥራ ቢያግዝ ሄዶም ጥቅሙ ይቀራል።

መደምደሚያ

ኢትዮጵያ በ2018 ልጆችን ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ ስለከለከለች፣ በማሳደጊያ ላሉ ልጆች ቤተሰብ የማግኘቱ ኃላፊነት በአገር ውስጥ ቤተሰቦችና ባለሙያዎች ላይ አርፏል። ከኦሮሞ ማኅበረሰብ የተወረሰው ጉዲፈቻና በየአካባቢው ያለው የማደጎ ልማድ ለዚህ መሠረት ይሆናሉ። ዩኒቨርሲቲዎችም የድርሻቸውን ሊወጡ ይችላሉ። የትምህርት ክፍሎች ለመስክ ልምምድ የሚያሰማሯቸው ተማሪዎች ከሕፃናት የዕለት እንክብካቤ ይልቅ ቤተሰብን በሚያጠናክሩ ተግባራት ላይ እንዲመደቡ ቢያደርጉ መልካም ነው። ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ደግሞ በአንድ ቀላል መለኪያ መጀመር ይችላሉ፦ ባለፉት 12 ወራት አንድን ሕፃን ያበሉ፣ ያጠቡና ያስተኙ ሰዎች ስንት ናቸው? ከእነርሱስ ዛሬ አብረውት ያሉት ስንቶቹ ናቸው? ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ አገልግሎታችን ለልጁ ምን እንደጨመረለትና ምን እንደቀነሰበት በግልጽ ማየት ይቻላል።