ሲናገሩ የሚዘገይ እርምጃ፦ መለስተኛ የግንዛቤ መዳከም ባለባቸው አረጋውያን የሚታይ የአረማመድ ለውጥ

መለስተኛ የግንዛቤ መዳከም ያለባቸው አረጋውያን የዕለት ተግባራቸውን በራሳቸው ያከናውናሉ፤ ከእነርሱ ማን ወደ ዲሜንሺያ እንደሚያመራ አስቀድሞ መለየት ግን አስቸጋሪ ነው። በካናዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት መለስተኛ መዳከም ያለባቸውን 112 አረጋውያን ሲከታተል 27ቱ ወደ ዲሜንሺያ ተሸጋግረዋል። ያለ ተጨማሪ ተግባር የተለካ ዝግተኛ አረማመድ ከሽግግሩ ጋር ጉልህ ግንኙነት አላሳየም። እየተራመዱ የእንስሳት ስም ሲጠሩ ፍጥነታቸው ከ20 በመቶ በላይ የቀነሰ አረጋውያን ግን ይበልጥ ተጋላጭ ነበሩ።

ምክንያቱም መራመድም ሆነ ቃል መፈለግ ትኩረትን ይጠይቃል፤ የትኩረት አቅም ሲዳከም ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ያዳግታል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሴኮንድ 1 ሜትር ይራመድ የነበረ ሰው ስም ሲጠራ ወደ 0.75 ሜትር ቢወርድ ቅናሹ 25 በመቶ ይሆናል።

ይህ ዘዴ ለአገራችን ልዩ ፋይዳ ሊኖረው ይችላል። በወረቀትና በእርሳስ የሚሰጡ ፈተናዎች ትምህርት ቤት ያልገቡ አረጋውያንን ያለአግባብ ሕሙም ሊያስመስሉ ይችላሉ፤ የአረማመድ ቅናሽ ግን ሰውን ከራሱ ጋር ያነጻጽራል። ይሁን እንጂ የጉልበት ሕመምና የዕይታ ችግርም እርምጃን ስለሚለውጡ፣ ልኬቱ ለተጨማሪ ምርመራ መነሻ እንጂ ብቻውን የበሽታ ማረጋገጫ አይደለም።