ለአፍንጫ የተሰጠ ቅዳሜ

«አንድ ሳምንት ባሕር ዳር ተንጋልዬ ብመለስ ሰው እሆን ነበር!» ይህ ምኞት ነገሌም፣ ያቤሎም፣ ሞያሌም አለ። ምኞተኛው ሞምባሳን በስልኩ አይቷል፤ ወይም ታላላቆቹ ስለ ምጽዋና ስለ ጉርጉሱም አሸዋ ሲያወሩ እየሰማ አድጓል። ዕረፍቱን ግን በቀጠሮ ይዞታል፦ ብር ሲጠራቀም፣ ፈቃድ ሲወጣ፣ ልጆች ከፍ ከፍ ሲሉ። ወዳጆቼ፣ ቀጠሮውን ሰርዙት። የፊታችን ቅዳሜ እዚያው ቆላችሁ ላይ ዕረፉ!

«ያለ ባሕር?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱን ከራሱ ከባሕሩ ላምጣላችሁ። የባሕር ሽታ ከምንለው ብዙውን ድርሻ የሚይዘው ዲሜቲል ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ በዓይን የማይታዩ የባሕር ዕፅዋት ሲሞቱና ባክቴሪያዎች ሲያፈርሷቸው ይወጣል። ለብቻው ብታሸቱት የተቀቀለ ጎመን ነው የሚሸተው። ታዲያ ሰው በጎመን ሽታ ደረቱ የሚከፈተው ምን ሆኖ ነው? ሽታው ከልጆች ሳቅ፣ ከባዶ እግር፣ ስልክ ከማይነሣበት ከሰዓት በኋላ ጋር ስለተቋጠረ ነው። ያየነውና የሰማነው አንጎል ውስጥ ባለ አንድ ማከፋፈያ በኩል ያልፋል፤ ሽታ ግን በዚያ ሳይዞር ስሜትና ትዝታ ወዳሉበት ይዘልቃል። ቋጠሮውን የምትቋጥሩት እናንተ ናችሁ ማለት ነው። ዕረፍትን ከጎመን ሽታ ጋር ማሰር ከተቻለ ከእጣን ጋር ማሰርማ እንዴት ያቅታል!

እጣን ካነሣን ደቡቡ ቆላ ሀብታም ነው። የአገራችን እጣን በንግድ ሲለይ የትግራይ፣ የኦጋዴንና የቦረና ይባላል። የቦረናው ጥቁር እጣን የሚገኘው አገሬው ደካራ ከሚለው ዛፍ ነው። ከርቤውም፣ ቁምቢ የሚሉት፣ እዚያው ቆላ ካለ ሌላ ቁጥቋጦ ይለቀማል። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ከእጣን የተገኘ ኢንሴንሶል አሲቴት የተባለ ንጥረ ነገር የአይጦችን ጭንቀት እንዳበረደ አሳትሟል። አይጥ አይጥ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ እጣንን መድኃኒት የሚያደርግ ሰው ቢገጥማችሁ አትስሙት። እኔ የምለምናችሁ ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፦ ደካራው ሲጨስ ማንም ሥራ የማይነካበት አንድ ሰዓት ይኑራችሁ። እጣኑ ያው፣ ሰዓቱ ያው ይሁን። ሳምንታት ሲደጋገሙ ሰውነታችሁ ሽታውን ሲያገኝ በራሱ መላላት ይጀምራል።

ቅዳሜው ግን ከጠዋት ይጀምር። ቡና ቀላ የሚያውቅ ቤት ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ፍሬው በቅቤ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ቤቱን የሚሞላውን መዓዛ ስንቶቻችን ስልክ ላይ አቀርቅረን አሳልፈነዋል! ስልኩን ሌላ ክፍል አኑሩና ከመጀመሪያው ፍሬ እስከ መጨረሻው አጠገቡ ተቀመጡ። ቀጥሎ ኢቲቱ የሚሉት የረጋ ወተት ይምጣ። ጎርፋ የተባለውን የወተት ዕቃ የቦረና ሴቶች ከዕፅዋት ጭረት አጥብቀው ይሰፉትና በግራር ፍም ያጥኑታል፤ ጢሱ ወተቱን ከመበላሸት ያቆየዋል፣ ጣዕሙንም ይሰጠዋል። ክዳኑ ሲከፈት ለመጠጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ አሽትቱ፤ ያ ጠረን የሴቶች እጅ ሙያ ነው፣ የትኛውም ሪዞርት አይሸጥላችሁም።

እናቶች ደግሞ ቃያ የሚሉት የጢስ መታጠኛ ጉድጓድ አላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ለወይባ ጢስ ቀጠሮ አስይዞ ይከፍላል፤ እናንተ ጋ ጉድጓዱ ጓሮ ነው። (አስም ያለበት ይራቅ፤ ቤቱም ይናፈስ።)

ውኃስ? ነገሌ በገናሌና በዳዋ መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ሁለቱ ወንዞች ዶሎ ላይ ተገናኝተው ጁባ ይሆናሉ፤ ጁባም ኪስማዩ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። አዋሽ በረሃ ውስጥ ቀርቷል፣ ኦሞም ቱርካና ላይ ያበቃል። የእናንተዎቹ ባሕሩን ያገኙታል! ስለ አዞው አገሬውን ጠይቃችሁ፣ ጥላ ያለበት ዳርቻ መርጣችሁ ተቀመጡ፤ እርጥብ ጭቃና ቅጠል ያሸታችኋል።

የጨው ሽታ ካማራችሁ ከዱብሉቅ ብዙም የማይርቀው ኤል ሶድ አለ፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ጥቁር የጨው ሐይቅ ነው። መውረዱ ቀላል፣ መውጣቱ ጉልበት የሚፈትን ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፤ እዚያ ጠልቀው ጥቁሩን የጨው ጭቃ የሚያወጡት ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው። ቱላ በሚባሉት የውኃ ጉድጓዶችም እንዲሁ፣ ወንዶች ተደራርበው በዜማ ውኃ ሲቀባበሉ የሚጠጡት ከብቶች ተራ የተያዘላቸው ናቸው። ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ከዳር ሆናችሁ አድምጡ። የሌላው ድካም የእኛ መዝናኛ ሲሆን አይወደድልኝም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሽታ ግን በገንዘብም በቀጠሮም አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢዛቤል ቤርና ሪቻርድ ቶማስ የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የመጀመሪያው ዝናብ ሽታ ከየት እንደሚመጣ ጽፈዋል። በደረቁ ወራት ዕፅዋት የሚለቁትን ዘይት አፈሩና ድንጋዩ ጠጥተው ያቆዩታል፤ ጠብታው ሲያርፍ ወደ አየር ይወጣል። የአፈር ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ጂኦስሚንም ይጨመርበታል፤ የሰው አፍንጫ ይህን ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ እንኳ ቢሆን ይለየዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከድተው ከብቶቹ ያለቁበት ቦረና ይህን ሽታ ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ መንገር አይገባኝም።

በቦረና ገና የሚባለው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሐጋያ የሚባለው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ቅዳሜያችሁ ከመጀመሪያው ጠብታ ጋር ከገጠመ እጣኑንም ወንዙንም ለሌላ ሳምንት አቆዩትና ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ!