ነፋሱን ከሸራዋ ላይ ወሰድሽባት
ባለፈው ሳምንት አንዲት የክፍል ጓደኛዬ እየሮጠች መጥታ፣ «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የደም ግፊት በጆሮዬ አዳምጬ በትክክል ለካሁ!» አለችኝ። እኔም ሳላስብ፣ «ማሽኑ ይለካው የለ እንዴ?» አልኳት። ፈገግታዋ ወዲያው ጠፋ። አጠገባችን የነበረ አሜሪካዊ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዩ ቱክ ዘ ዊንድ አውት ኦፍ ሀር ሴይልስ» አለኝ።

ቃል በቃል «ነፋሱን ከሸራዋ ላይ ወሰድሽባት» እንደ ማለት ነው። አባባሉ የመርከበኞች ነው። ሞተር ሳይመጣ በፊት ትልልቅ መርከቦች ባሕር የሚያቋርጡት በሸራ ነበር። አንዱ መርከብ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ተጠግቶ ሲያልፍ፣ ሸራው ነፋሱን ይጋርዳል፤ የሌላው ሸራ ይረግባል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። በሸራ ጀልባ ውድድር ዛሬም ተፎካካሪን ለማዘግየት ይጠቀሙበታል።

ስለዚህ ትርጉሙ የሰውን የጋለ ስሜት ወይም በራስ መተማመን በድንገት ማቀዝቀዝ ነው። ለክርክርም ይሆናል፦ ሊቆጣችሁ ተዘጋጅቶ የመጣን ሰው ቀድማችሁ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብትሉት፣ ነፋሱን ወሰዳችሁበት ማለት ነው።

በአማርኛ «ቅስም መስበር» ይቀርበዋል፤ ግን ይከብዳል። እዚህ መርከቡ አልተሰበረም፤ ነፋሱ ብቻ ነው የተጋረደበት። የጋረደው ዞር ካለ ነፋሱ ይመለሳል።

እኔም ማታ ደወልኩላት። «እሺ፣ የመጀመሪያውን ድምፅ ስንት ላይ ሰማሽው?» አልኳት። 20 ደቂቃ ሙሉ አወራችልኝ።